ጂፑን ከመሸጣችን በፊት

መስከረም 22

ለውድ እህቴ ለቡሎኔ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራውስ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አባዬ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ሌላው ደህና ነው። እማዬም ሳሚልኝ ብላለች። ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ ከፊትሽ ይቅደም።

እስከ ዛሬ ስጽፍልሽ እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ «ይህን በይ፣ ያንን በይ» ትለኝ ነበር። ይህን ግን ያዘዘኝ የለም። ስልክ ያለው ባለ መጋዘኑ ሱቅ ውስጥ ነው፤ እዚያ ቆሜ ይህን ሁሉ ማውራት አልችልም። ታውቂኛለሽ፣ ሰው ሲሰማኝ ድምፄ ይጠፋል።

ነገሩ ስለ ጂፑ ነው። ባለ መጋዘኑ ጂፑ በቆመበት መጋዘን ሲሚንቶ ሊያስገባ ነውና የበልጉ ዝናብ ሳይጀምር አውጡልኝ ብሏል። እማዬ ደስ ብሏታል። «እዚህ ቤት ሳይሠራ ጥላ ሥር የሚውል እሱ ብቻ ነው» ትላለች። ገዢም ተገኝቷል። የከብት ሐኪም ናት፤ መንገድ የሌለበት ሁሉ የምትሄድ። በቀደም መጥታ አየችው። ሱሪዋን ሰብስባ ከሥሩ ገባችና እግሯ ብቻ እየታየን ከታች ሆና ታወራለች።

«ሻሲው ደህና ነው። ወለሉን ዝገት በልቶታል፣ ይቀየራል። ወንበሩን አይጥ ተከራይቶታል፣ ይለቃል። ሞተሩስ?»

«ሞተሩ ጤነኛ ነው» አላት አባዬ።

ወጥታ ኮፈኑን ከፈተችው። ግማሹ ባዶ ነው። «ታዲያ ጤነኛው ምን ሊሠራ ወጣ?» አለችው።

አባዬ ሳቀ። እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር፣ ዋጥኩት። ከዚያ ቁርጡን ነገረችን። «ዝገቱን፣ ወለሉን፣ ቀለሙን ለእኔ ተዉት፤ የእህቴ ባል በያጅ ነው። ሞተሩ ተነስቶ በራሱ ጎማ ከወጣ እወስደዋለሁ። ተጎትቶ ከሆነ ግን ለቁራሌው ስጡት፣ እኔ ሬሳ አላክምም።»

እንደምታውቂው ሞተሩን የፈታችሁት አንቺ ለሥራ ርቀሽ ልትሄጂ ስትዪ ነው። አባዬ ሲፈታ የፈታውን አያይም። እጁን ወደ ኋላ ይዘረጋል፣ አንቺ ትቀበይዋለሽ። ሲገጥም ደግሞ «ቀጥሎ?» ይላል፣ አንቺ ታቀብይዋለሽ። የተፈታውን ያስቀመጣችሁባቸው ቆርቆሮዎች አንቺ እንደደረደርሻቸው መደርደሪያው ላይ ናቸው። ከሄድሽ ወዲህ አልነካቸውም። እማዬ ጉልበቱ ነው ትላለች። እኔ ጉልበቱ አይመስለኝም። ስጠይቀው «የምታውቀው እሷ ናት» አለኝና ወጣ።

ስለዚህ ሁለት ነገር ንገሪኝ። አንደኛ፣ ይሸጥ ወይስ አይሸጥ? አባዬ ስትመለሺ ትነጂዋለሽ ብሎሽ ስለነበር ያለ አንቺ ቃል አይሸጠውም። ሁለተኛ፣ የትኛው ቆርቆሮ ይቀድማል?

አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። አባዬ እኔንም አንድ ቀን መጋዘኑ ውስጥ መብራት አስይዞኝ ነበር። እጄ ሲንቀጠቀጥ «ተይው ልጄ፣ ሂጂና አጥኚ» አለኝ። ትምህርቱንም እንደምታውቂው አልገፋሁበትም። ከመጋዘኑ ግን ሳቃችሁ እስከ ቤት ይሰማ ነበር። ጂፑ ከወጣ ያ መጋዘን የአንቺም የማንም አይሆንም ብዬ አስባለሁ። ክፉ አሳቢ አትበይኝ።

ታናሽሽ

* * *

ጥቅምት 19

ለጭምቴ፣ አፍ አውጥታ ለጻፈችልኝ፣

አንቺን ያቆየልኝ አምላክ ይመስገን! ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። አብራኝ የምትኖረው ልጅ «የፍቅር ነው?» አለችኝ። «የጂፕ ነው» አልኳት።

እኔ ደህና ነኝ፣ ድካሙ ካልተቆጠረ። ሥራዬ የሆቴሉ ምድር ቤት ነው፣ አንሶላ ማጠፍ። መስኮት የለውም። ስድስት ማጠቢያ ማሽን አለ። ትልቁ ሲሽከረከር ቀበቶው እንደላላ ከድምፁ አወቅሁና ለአለቃችን ነገርኳት። «አንቺ እጠፊ» አለችኝ። በነጋታው ቀበቶው ተበጠሰ፣ እኔም አጠፍኩ።

ጂፑን ሽጡት! ብረት ነው እኮ፣ ዘመድ አይደለም። መጋዘን ውስጥ ከሚበሰብስ ሐኪሟ ትንዳው። ለአባትሽ፣ ለአጎቴ፣ «ቡሎኔ መርቃ ሰጥታለች» በይው።

ቆርቆሮዎቹን ከግራ ወደ ቀኝ እንዳትቆጥሪያቸው። አጎቴም አንድ ቀን እንዲያ ቆጥሮ ግማሽ ቀን ተሳድበናል። ከበሩ ወደ ውስጥ ነው የሚቆጠረው። መጨረሻ የወጣው መጀመሪያ ስለሚገባ ከውስጠኛው ጥግ ጀምሪ፤ የወተቱ ቆርቆሮ፣ ከዚያ የቀለሙ፣ ከዚያ ክዳን የሌለው ድስት። የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው ማለቴ ነው፣ በብርድ ልብሴ ተጠቅልሎ ከመደርደሪያው ሥር አለ። ቡሎኖቹን ዘይት ቀቢያቸው፣ ደረቅ ቡሎን አጎቴን ያናድደዋል።

ለመሆኑ መብራቱን ማን ሊይዝ ነው? እናትሽ እትዬ እንዳትሆን ብቻ። የእሷ ምክር ከአምፖሉ ይብሳል፣ ያቃጥላል።

ሁላችሁንም ሰላም በይልኝ። ደጃችሁ ደስታ አይጣ።

ቡሎኔ

* * *

ኅዳር 16

ለውድ እህቴ ለቡሎኔ፣

እንደምን ከርመሻል? ደብዳቤሽ ቤታችንን አሙቆት ሰነበተ። ፈጣሪ ጉልበትሽን ያድሰው፣ ያቺን አለቃሽንም ልብ ይስጣት።

ለአባዬ ያልሽውን ሁሉ አነበብኩለት። ዓይኑ ለጽሑፍ እምቢ ካለው ቆይቷል። «መርቃ ሰጥታለች» የሚለው ጋ ስደርስ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ተነስቶ የቡሎን መፍቻ ቁልፎቹን ከአልጋው ሥር አወጣና በሩ ላይ ቆሞ «መብራቱን ማን ይይዛል?» አለ። እማዬ እኔን አየች። እኔ መሬት አየሁ። አባዬ «ነይ እስቲ» አለኝ።

መብራቱን እኔ ነኝ የምይዘው።

መጀመሪያ እጄ እንደ ድሮው ተንቀጠቀጠ። «ብርሃኑን እጄ ላይ ሳይሆን እጄ በሚሄድበት ላይ አድርጊው» አለኝ። አንቺም እንዲህ ተብለሽ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ እይዛለሁ፣ አይንቀጠቀጥም። መጋዘኑ ውስጥ በቀትርም ጨለማ ነው፤ በጣሪያው ቆርቆሮ ቀዳዳ የሚገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ ያለውን ጥቁር ዘይት ብቻ ያበራል። አባዬ ሲሠራ እንደሚያወራ አላውቅም ነበር። ቤት ገብቶ የማይናገረውን ሁሉ እዚያ ይናገራል። ጀማሪ ሳለ የአለቃውን መኪና የእጅ ፍሬን ሳይስብ ትቶት መኪናው ተንሸራቶ የአንድ ነጋዴ ዶሮ ቤት ውስጥ መግባቱን ነገረኝ። ላባው የት የት እንደደረሰ ሲነግረኝ በሳቅ መብራቱን ልጥለው ነበር። እራት ላይ እማዬ «ምነው ፊትሽ በራ? ያ ጂፕ ወርቅ ይወልዳል እንዴ?» አለችኝ።

ሐኪሟ ትናንት ጎራ ብላ ነበር። «ማን ናት ይቺ ረዳት?» አለች። አባዬ «ልጄ ናት» አላት። «ሞያውን ከሰጠሃት ጂፑን ትቼ እሷን እወስዳለሁ» አለችው። ይህን የጻፍኩልሽ እንድትስቂ ነው።

አንድ ችግር ግን አለ። ከድስቱ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለሉ ስምንት ቀጫጭን ዘንጎች ወጡ። በእያንዳንዱ ላይ የሱፍ ክር አስረሻል፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ አረንጓዴ፣ እንዲህ እያለ ሁሉም ይለያያል። አባዬ እንደሚለው እያንዳንዱ ዘንግ ወደ ነበረበት ቀዳዳ ካልተመለሰ ሞተሩ ቢነሳም ይንኳኳል፣ ብዙም አይቆይም። «ምልክቱ የእሷ ነው፣ እኔ ጠይቄያት አላውቅም» አለ። የትኛው ክር የት ይገባል? ዝናቡ ሳይመጣ ቶሎ ጻፊልኝ።

ታናሽሽ

* * *

ጥር 2

ለጭምቴ፣

ሰላምሽ ይብዛ። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ክሮቹን አላስታውስም። ስንት ዓመት የሆነው ነገር ነው።

ልብ በይ፣ የማርሹን እጀታ ፍቺና አስቀምጪልኝ። ለሐኪሟ ሌላ ይገኝላታል። ሰማያዊ ቱታዬ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ አለ፣ ማንም እንዳይለብሰው። የኋላ መስታወቱም ላይ የለጠፍኩት ኮከብ አለ፣ እንዳይፋቅ።

አጎቴ እዚያ ውስጥ ስለ ምን ስለ ምን ነው የሚያወራሽ? የዶሮውን ለሁሉም ሰው ነው የሚያወራው፣ የደንበኛ ማሳቂያ ነው። የወንዙን ግን ነግሮሻል? አይመስለኝም። የወንዙን ለማንም አይናገርም፣ ለእትዬም።

ጤና ይስጥልኝ።

ቡሎኔ

* * *

ጥር 24

ለውድ እህቴ ለቡሎኔ፣

ጤናሽ እንደምን ነው? በብርድ ወራት ምድር ቤት ከባድ ነው ብላ እማዬ ትጨነቃለች። ሙቀቱን ይላክልሽ።

ያልሽኝን በየተራ ልመልስ። ቱታሽን ደብዳቤሽ ሳይደርስ ለብሼው ነበር። ልክ ሆኖኝ ነበር፣ እጅጌው ብቻ ይረዝማል። አጥቤ መልሼ ሰቀልኩት፤ አሁን የእማዬን አሮጌ ሽርጥ ነው የማስረው። የማርሹን እጀታ ፈታሁት። አባዬ አየና «ያለ እጀታ ማርሽ ማን ይገዛል? በይ መልሺው» አለኝ። ለማን እንደፈታሁት አልነገርኩትም፣ መለስኩት። ኮከቡ አለ፣ ግን ነጭ ሆኗል።

የወንዙን ነግሮኛል። ሁለት ጊዜ። ውሃው መሃል ላይ ሞተሩ ጠፍቶበት ጣራው ላይ ወጥቶ እንዳደረ ነግሮኛል። ማልቀሱንም ነግሮኛል።

ስለ ክሮቹ አትጨነቂ። አባዬ «ካላስታወሰች ምን ይደረጋል፣ ለቁራሌው ይሄዳል» ብሎ ተስፋ ቆርጦ ተኝቶ ነበር። ጉልበቱ ነው አለ። እኔ ብቻዬን ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ምን እንደምሠራ አላውቅም ነበር፣ ቤት መዋል ስላቃተኝ ነው። ስምንቱን ዘንጎች ጠርጌ ጨርቅ ላይ አጋደምኳቸውና ዝም ብዬ አየኋቸው። እኔ ነገር ሳይ ቶሎ አልነሳም፣ እማዬ «ፈዛዛ» የምትለኝ ለዚያ ነው። እያየሁ ሳለ የእያንዳንዱ ጫፍ የሚያብረቀርቅበት ቦታ እንደሚለያይ ገባኝ። አንዱ በግራ በኩል ብቻ ተፍቋል፣ አንዱ ዙሪያውን፣ አንዱ እንደ ጥፍር ትንሽ ብቻ። ከላይ ሆነው ዘንጎቹ የሚገፏቸው ስምንት ብረቶች ደግሞ በአንድ ብረት ላይ ተሰክተው እንዳሉ ናቸው፣ አልተፈቱም። የእነሱም አፍ እንዲሁ ይለያያል። አንድ በአንድ እያስጠጋሁ የሚስማሙትን አጋጠምኩ። ሁለቱ አስቸግረውኝ ነበር፣ ገለባብጬ አየኋቸው።

ስጨርስ አባዬን ጠርቼ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳሰሳቸው፣ አንዱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። «ማን ነገረሽ?» አለኝ።

«ማንም።»

«ቡሎኔ ጽፋልሽ ነው?»

«አልጻፈችልኝም» አልኩት። እውነት ነው፣ አልጻፍሽልኝም።

ዛሬ ቴስታታውን ጫንን። የቀረው ባትሪና ቤንዚን ነው።

ታናሽሽ

* * *

ጥር 25

ጭምቴ፣

በችኮላ ነው የምጽፈው፣ አንዲት ልጅ ወደዚያ ስለምትሄድ። ክሮቹ ትዝ አሉኝ። ከቤታችን ወጥተሽ ወደ መጋዘኑ ስትሄጂ በመንገዱ ላይ ስምንት በሮች አሉ። ክሮቹ በተርታ የበሮቹ ቀለም ናቸው። የመጀመሪያዋ የልብስ ሰፊዋ አረንጓዴ በር ናት፣ የፊተኛው ዘንግ። ሌላውን እየሄድሽ ቁጠሪ፣ የመጨረሻው የመጋዘኑ የራሱ ግራጫ በር ነው።

ለአጎቴ ቡሎኔ አስታወሰች በይልኝ።

* * *

የካቲት 21

ለእህቴ፣

እንደምን አላችሁ? እኔ አለሁ። ፈጣሪ ለሁላችሁም ጤናውን ያብዛላችሁ።

የጥር 24ቱ ደብዳቤሽ ደረሰኝ። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ ሥራ ላይ እያለሁ አወጣሁት፤ አለቃችን አየችኝና ተቆጣችኝ። የወንዙን ሁለት ጊዜ ነገረኝ ብለሽ ጽፈሻል። ሁለት ጊዜ! ለእኔ አንድ ጊዜ ነው የነገረኝ፣ ልቅሶው ጋ ሲደርስም ዞር ብሎ ቁልፍ ፈለገ።

ክፉ ልሁንና እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ ሽጡት ስልሽ የሚሸጥ አልመሰለኝም ነበር። ማን ይገጥመዋል ብዬ ነው? ቆርቆሮዎቹን ስነግርሽም አጎቴ ሁለት ቀን ነካክቶ ይተወዋል፣ «ቡሎኔ ከሌለች አይሆንም» ይላል አልኩ። አሁን ግን መጋዘኑ ውስጥ ማን እንደቆመ ሳስብ አንሶላው ከእጄ ይወድቃል። መብራቱን ስትይዢ አይቼሻለሁ፣ ሳላይሽ አይቼሻለሁ። ያንን ቱታም ለብሰሽ።

አንቺ አባት አለሽ። ቤት ስትገቢም አባትሽ ነው፣ ስትወጪም አባትሽ ነው። የእኔ እናት ስትሞት እናንተ ቤት መጣሁ፣ ሁላችሁም ደግ ነበራችሁ፣ ግን ሁሉ ነገር የእናንተ ነበር። የእኔ የነበረው ያ መጋዘን ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ ከቤት ሆነሽ ሳቃችንን እየሰማሽ እሱንም ትቆጥሪብኝ ነበር? አላውቅም ነበር። ባውቅ ግን እሰጥሽ ነበር ወይ? አልሰጥሽም ነበር።

ስለዚህ ጂፑ አይሸጥ። ለሚመጣው ዓመት ፈቃድ ጠይቄያለሁ። እስክመጣ ሌላ ቦታ ፈልጋችሁ አቁሙት። እኔ ነኝ የማስነሳው።

ይህን ደብዳቤ ለአጎቴ አንብቢለት፣ ሳትቀንሺ። እንደማታነቢው አውቃለሁ፣ እኔ ብሆን አላነብም ነበር።

እና አንድ ነገር ብቻ እውነቱን ንገሪኝ። እዚያ ውስጥ ምን ብሎ ነው የሚጠራሽ? እኔን ቡሎኔ እንዳለኝ፣ ለአንቺም ስም አውጥቶልሻል?

ቡሎኔ

* * *

መጋቢት 19

ለውድ እህቴ ለቡሎኔ፣

እንደምን ነሽ? ይህ ደብዳቤ በደህና ያግኝሽ፣ እጅሽ ላይ ያለውን ሥራም ያቅልልሽ።

አነበብኩለት። እንዳልሽው አንድ ቃል አልቀነስኩም፣ «ክፉ ልሁን» የሚለውንም፣ «አላነብም ነበር» የሚለውንም። ከማንበቤ በፊት ግን ሁለት ቀን ከትራሴ ሥር አቆይቼዋለሁ፤ ይህንንም ልንገርሽ። ካነበብኩለት ጂፑን ያቆመዋል፣ ጂፑም መጋዘኑም እንደገና የአንቺ ይሆናሉ ብዬ ፈርቼ ነው። ካላነበብኩለት ደግሞ ይሸጣል፣ እኔም የምይዘው መብራት አይኖርም። የቱንም ባስብ የሚቀርልኝ ነገር አላገኘሁም። ለዚህ ነው ያነበብኩለት፣ ደግ ስለሆንኩ አይደለም።

ጨርሼ ቀና ስል አባዬ እያለቀሰ ነበር። እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችውና ተመለሰች። «አንድ ጊዜ አንብቢልኝ፣ 'የእኔ የነበረው' የሚለውን» አለኝ። አነበብኩለት። እኔ አይሸጥም ሊል ነው ብዬ እየጠበቅኩ ነበር።

«ሐኪሟ መቼ ነው የምትመጣው?» አለኝ።

«ቅዳሜ።»

«ቅዳሜ ትውሰደው። ቡሎኔ ስትመጣ የምትመጣው ወደ ቤቷ ነው፣ ብረት ልትጠብቅ አይደለም። ይህን ጻፊላት። ቤቷ ነው በያት። ስትጽፊ አስምሪበት።»

አስምሬበታለሁ፦ ወደ ቤቷ።

ቅዳሜ ሐኪሟ ባትሪ ተሸክማ መጣች። «ካልተነሳ ባትሪዬን ይዤ እሄዳለሁ፣ ቅሬታ አልቀበልም» አለች። አባዬ ኮፈኑ ሥር ሆኖ እኔን መሪው ላይ አስቀመጠኝ። ቁልፉን ሳዞር አንዴ ጮኸና ቀረ። ሁለተኛም ቀረ። ሐኪሟ «እርጅና ነው፣ ይሉኝታም የለው» አለች። በሦስተኛው ተነሳ። ጭሱ መጋዘኑን ሞላው፣ ባለ መጋዘኑ እየሳለ ወጣ፣ እማዬ እንኳ ከቤት እየሮጠች መጣች። አባዬ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ ቆየ። «አይንኳኳም» አለ። ለእኔ ሳይሆን ለራሱ ነው ያለው።

ስለ በሮቹ የጻፍሽው ዘግይቶ ደረሰኝ። የገጠምኩት ካልሽው ጋር ይስማማ እንደሆነ ለማየት፣ ዘንጎቹን ስንከት የፈታኋቸውን ክሮች በተራቸው ይዤ መንገዱን ሄድኩበት። የልብስ ሰፊዋ በር አሁን አረንጓዴ አይደለም፣ ቡኒ ነው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሦስቱ ቀለም ቀይረዋል፣ አንዱም ተነቅሎ ግንብ ሆኗል። እማዬን የድሮውን ቀለም ጠይቄ ሳስተያየው ስምንቱም ልክ ነበሩ።

ሐኪሟ ራሷ ነድታ ወጣች። የበሩን ጠርዝ ነክታው ነበር፣ «ለማስታወሻ ነው» አለች። የማርሹን እጀታ ግን ከመውጣቷ በፊት አባዬ ራሱ ፈትቶ በሌላ ተካው። ያንቺው ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ለማን እንደሆነ ማንም አልነገረውም።

አሁን መጋዘኑ የሲሚንቶ ነው። ሥራው ግን አልቀረም፤ ሐኪሟ የአንድ ደንበኛዋን የውሃ ፓምፕ ላከችልን፣ ግቢ ውስጥ እየፈታነው ነው።

ምን ብሎ ይጠራሻል ላልሽኝ፣ ብዋሽሽ ማን ያውቅብኛል? ስም አወጣልኝ ብልሽ እንቅልፍ እንደማይወስድሽ አውቃለሁ። ሁለት ቀን ያቆየሁት ለዚህም ነበር።

ቡሎኔ ይለኛል።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው። እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ «ቡሎኔ፣ ቀጥሎ?» አለኝ። እኔ አይደለሁም ልለው አፌን ከፈትኩ። ፊቱን አየሁት፣ እንደዚያ ደስ ብሎት ቤት ውስጥ አይቼው አላውቅም። የወተቱን ቆርቆሮ አቀበልኩት። ቁልፍ ከያዘ ሌላ ስም አይመጣለትም። የዶሮውንም የወንዙንም የነገረው ለቡሎኔ ነው፣ ሁለት ጊዜ የተናገረውም ቀድሞ የነገረው ለአንቺ ይሁን ለእኔ ስለተምታታበት ይመስለኛል። ስምንቱን ዘንጎች ባሳየሁት ቀን እንኳ «ጎሽ ቡሎኔ!» ነው ያለኝ። አንቺ እዚያ ሆነሽ በእኔ ስትቀኚ፣ እኔ እዚህ በስምሽ አቤት እላለሁ።

በራሴ ስም የሚጠራኝ ደብዳቤሽ የመጣ ዕለት ብቻ ነው። ሳነብለት ቡሎኔ ወረቀቱ ላይ ስለሆንሽ፣ የሚያነብለት ሌላ ሰው መሆኑ ይገባዋል። «ጭምቴ፣ እስቲ ድገሚልኝ» ይላል። እስከ ማታም ጭምቴ ነኝ፣ ፓምፑ ጋም ሆነን።

ድሮ ፖስተኛው ሲመጣ ያንቺ እንዳይሆን እመኝ ነበር። አሁን ከበር ቆሜ ነው የምጠብቀው። ስለዚህ አትዘግዪ። የምትጽፊው ቢጠፋሽ ስለ አንሶላውም ቢሆን ጻፊ። አስረዝሚው።

ጭምቴ